ጉዱ ካሳን ማን ሰማው? ስለ መነጋገር ትምህርትና ስለ ሁለት ልብ ወለዶቻችን

ይህን ሐተታ ለሥራ ባልደረቦቻችን መምህራንና ለተማሪዎቻቸው ስናቀርብ መነሻችን አንድ የክፍል ውስጥ ገጠመኝ ነው። ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ከመዛወራችን በፊት በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ እናስተምር ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ስናስተምር «ጉዱ ካሳ ምን ዓይነት ገጸ ባሕርይ ነው?» ብለን ጠየቅን። የምንጠብቀው መልስ የታወቀ ነበር፤ ይኸውም «ለውጥ ፈላጊ፣ የአሮጌው ሥርዓት ነቃፊ» የሚለው ነው። ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ልጅ ግን ተነሥቶ «እሱም ቢሆን እንደ ፊታውራሪ መሸሻ ነው፤ ይናገራል እንጂ ሰው አይሰማም» አለ። ክፍሉ በሣቅ ተሞላ። እኛም ከሣቂዎቹ ጋር አብረን «መጽሐፉን ሳታነብ አትቀባጥር፤ ተቀመጥ» አልነው። ልጁ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ እጁን ሲያወጣ አላየነውም።

ዓመታት ካለፉ በኋላ ለዕጩ መምህራን ትምህርት ለማዘጋጀት መጽሐፉን እንደገና ስናነብ የልጁ ቃል ትዝ አለን። ሙሉ በሙሉ ልክ ነበር አንልም፤ ነገር ግን እኛ በብዙ ንባብ ያላየነውን አንድ ነገር አይቶ ነበር። ይበልጥ ያሳፈረን ደግሞ ሰው ከሰው ጋር ባለመነጋገሩ ስለሚደርስ ጥፋት የሚተርክ መጽሐፍ ስናስተምር እኛው ራሳችን ልጁን አፉን ማስያዛችን ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የድርሰት ሂስ ቢሆንም የማስተማሪያ ዘዴያችንም ሂስ ነው።

እንደሚታወቀው ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ወጣቶች ራሳቸውን እንዲያንጹና ከሰው ጋር ተግባብተው እንዲኖሩ ለማድረግ ብዙ ይደከማል። የሕይወት ክህሎት ይባላል፤ የሥነ ምግባር ትምህርት ይባላል፤ የምክር አገልግሎት ይባላል። በግድግዳዎች ላይ «በራስህ ተማመን»፣ «ዓላማ ይኑርህ»፣ «ታላላቆችህን አክብር» የሚሉ ጽሑፎች ተለጥፈው እናያለን። ቃሎቹ መልካም ናቸው። ሆኖም አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በራሱ የሚተማመነውና ታላቁን የሚያከብረው በአንድ ጊዜ እንዴት እንደሆነ፣ ሁለቱ ሲጋጩበትስ ምን ብሎ እንደሚናገር ግድግዳው አይነግረውም። ይህን ጥያቄ በጥልቀት የመረመሩ ጽሑፎች ግን በእጃችን አሉ። እነዚህም የአማርኛ ልብ ወለዶቻችን ናቸው።

የአንድ ወገን ንግግር

በአማርኛ ጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ወጣቱን መምከር አዲስ ነገር አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1910 ዓ.ም. «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» የተባለውን መጽሐፋቸውን አቅርበዋል። ርእሱ ራሱ የመጽሐፉን አቋም ይገልጻል። አባት ይመክራል፤ ልጅ ይቀበላል፤ ምክሩም ለአባትየው መታሰቢያ ሆኖ ይኖራል። ይህ አቀራረብ በጊዜው ከነበረው የአስተዳደግ ልማድ ጋር የሚስማማ ሲሆን ቋንቋውም ለልጅ ጆሮ የቀለለ ነው። በዚህ ረገድ ደራሲው ሊመሰገኑ ይገባል።

ይሁን እንጂ የምክር መጽሐፍ በባሕርዩ አንድ ጉድለት አለው። ልጁ መልስ አይሰጥም። «አባባ፣ ይህ ምክር በእኔ ላይ እንዲህ ሆኖ ተገኘ» የሚልበት ቦታ የለውም። ይህ ጉድለት የኅሩይ ብቻ ሳይሆን እስከ ዛሬ ለወጣቶች የሚጻፉት መጻሕፍት የሚጋሩት ነው። በየመጻሕፍት መደብሩ ስለ ስኬትና ስለ መልካም ጠባይ የተጻፉትን ስናገላብጥ መካሪው ከአባት ወደ ማናውቀው አዋቂ መለወጡን እንጂ ልጁ መናገር መጀመሩን አናይም። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው አባባላችንም ከመምከርና ከመከራ በቀር ሦስተኛ መንገድ አያውቅም። መጠየቅ የሚባለው መንገድ ተዘንግቷል።

አወቀና ድሉ

ኅሩይ ራሳቸው ይህ ጉድለት የታያቸው ይመስለናል። ምክንያቱም በ1925 ዓ.ም. «አዲስ ዓለም፣ የቅኖችና የደግ አድራጊዎች መኖሪያ» በተባለው ልብ ወለዳቸው ውስጥ የሚናገረው ልጁ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ አወቀ ይባላል። ፈረንጅ አገር ሄዶ ተምሮ ወደ ወገኖቹ ሲመለስ ያወቀውና እነሱ የሚያውቁት አልገጥም ይለዋል። ክርክሩ የሚነሣው በረቂቅ ነገር ላይ አይደለም። ሠርግ እንዴት ይደገስ? ለሞተ አባት ተዝካር እንዴት ይውጣ? ይህን የመሰለ በየቤቱ ያለ ጉዳይ ነው።

ደራሲው እዚህ ላይ ያደረጉት ነገር ለወጣቶች ትምህርት ትልቅ ዋጋ አለው። ማወቅ ብቻውን እንደማይበቃ አሳይተዋልና። ትምህርት ቀስሞ የተመለሰው ሰው ወገኖቹን ንቆ አይለያቸውም፤ ከእነሱ ጋር ተቀምጦ ይከራከራል። ለልማዱ መሻሻል የሚያቀርበው ምክንያትም ከእነሱው እምነት የተነሣ ነው፤ ለድግስ የሚፈሰው ገንዘብ ለድሆች ቢሰጥ ይሻላል እንዳለ ሰው ነው። ሌላውን ሰው ለማሳመን የሚሻ ሰው ከራሱ ሳይሆን ከሰሚው ዘንድ መነሣት አለበት የሚለውን ቁም ነገር ከዚህ በተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ ከዚያ ዘመን ጽሑፎች ማግኘት ያስቸግራል።

አሁን ደግሞ ወደ ነቀፋው እንምጣ። በእኛ አስተያየት የአወቀ ድል ቀላል ነው። የሚቃወሙት ሰዎች ሲጀመር ጠንካራ መስለው ይታያሉ፤ ነገር ግን ልባቸው እንዴት እንደተለወጠ በቅርብ አናይም። በመጽሐፉ መጨረሻ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ተሰብስበው ስለ ማሻሻያ ሲመክሩ ስናይ ደስ ይለናል፤ በዚያው ልክ ግን እንጠራጠራለን። ሕይወት እንደዚህ ናትን? አንድ ተማሪ ትክክለኛውን ምክንያት በትሕትና ካቀረበ አባቱ፣ አጎቱ፣ መምህሩ ሁልጊዜ ይሰሙታልን? «በትሕትና ተናገር፣ ትሰማለህ» ብለን ያስተማርነው ልጅ በትሕትና ተናግሮ ሳይሰማ ሲቀር ጥፋቱን የራሱ አድርጎ ይወስዳል፤ ወይም ትሕትናን ራሷን ይጠላታል። ሁለቱም ጉዳት ነው።

ጉዱ ካሳና ሽንፈቱ

ከ33 ዓመት በኋላ፣ በ1958 ዓ.ም.፣ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ ለዚህ ጥያቄ ፍጹም የተለየ መልስ ሰጡ። ደራሲው መምህርም የትምህርት ሚኒስትርም የነበሩ ሰው ናቸው። መጽሐፋቸው በወጋየሁ ንጋቱ አንባቢነት በሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት በመተረኩ ማንበብ የማይችለው ሕዝባችን ሳይቀር ያውቀዋል። ታሪኩን መዘርዘር ስለማያስፈልግ ለጉዳያችን የሚያስፈልገውን ብቻ እናንሣ።

የአወቀ ወንድም የሚባለው ሰው በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ካሳ ዳምጤ ነው። እሱም አዋቂ ነው፤ እሱም የወገኖቹን ልማድ ይነቅፋል። ነገር ግን ማንም አይሰማውም። በዘመኑ አስተሳሰብ ከዘሩ በታች የተባለች ሴት በማግባቱና የመኳንንቱን ኑሮ በመተቸቱ «ጉዱ» የሚል ቅጽል ተሰጥቶታል። ደራሲው በዚህች አንዲት ቃል ትልቅ እውነት አስጨብጠውናል። ኅብረተሰብ ሊሰማው የማይፈልገውን ሰው አፉን መያዝ አያስፈልገውም፤ ስም ቢያወጣለት ይበቃል። ከዚያ በኋላ ካሳ ምንም ቢናገር «ጉዱ ነው የተናገረው» ይባላል። በየክፍላችን «ቀባጣሪ»፣ «አጉል አዋቂ»፣ «ዱዳ» የተባሉ ልጆች ይህን ያውቁታል።

ብዙ ጊዜ በክፍል ውስጥ ስለ ጉዱ ካሳ የሚሰጠው ትምህርት እዚህ ላይ ያበቃል። እሱ ትክክል ነው፣ ኅብረተሰቡ ስሕተት ነው፣ ጻፉ፣ ለፈተና ይመጣል። ያ ከኋላ ወንበር የነበረ ልጅ ግን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዶ ነበር። ጉዱ ካሳ ሲናገር ልብ ብለን ብናዳምጠው ንግግሩ ረዥም ነው፤ ምፀቱ ስለታም ነው፤ የሚሰማው ሰው የሚያስበውን ለማወቅ የሚጠይቀው ጥያቄ ግን ጥቂት ነው። ልቡን ከፍቶ የሚያወያየው በዛብህን ነው። በዛብህ ግን ደግ አድማጭ እንጂ በፊታውራሪ ቤት ውስጥ አንዳች ነገር ለመለወጥ ሥልጣን የሌለው ወጣት መምህር ነው። ሥልጣን ካላቸው ሰዎች ጋር ሲሆን ንግግሩ ቶሎ ወደ መዋጋት ይዞራል። እንግዲህ ካሳ ያልተሰማው ስም ስለወጣለት ብቻ ነው ወይስ አነጋገሩም አግዟቸዋል? ለዚህ ጥያቄ የእኛ መልስ ሁለቱም ነው የሚል ነው። ይሁንና የጥፋቱ ሚዛን እኩል አይደለም። ካሳ እንደ አወቀ ለስላሳ ሆኖ ቢናገር ኖሮ ፊታውራሪ መሸሻ ይሰሙት ነበር ብለን አናምንም።

ለዚህ ማስረጃው በመጽሐፉ ውስጥ አለ። ባላገሮቹ ከደንቡ በላይ የተጠየቁትን አንሰጥም ሲሉ የፊታውራሪ መልስ መነጋገር ሳይሆን ዘመቻ ሆነ። ውጤቱም በአበጀ በለው በሚመሩት ባላገሮች እጅ መውደቅ ነበር። ፊታውራሪ የማይሰሙት የሰው ንግግር ስላላማረ ሳይሆን መስማት ከክብራቸው የሚያጎድል ስለሚመስላቸው ነው። ሐዲስ ከኅሩይ የሚበልጡትም እዚህ ላይ ነው። ኅሩይ የተናጋሪውን ጥበብ አሳዩን። ሐዲስ ግን የሰሚውን ጥፋት ጭምር አሳዩን።

ያልተጠየቁት ሁለቱ

ከጉዱ ካሳ ይልቅ ለተማሪዎቻችን የሚቀርቡት ግን ሁለቱ ወጣቶች ናቸው። በዛብህን ወላጆቹ ገና በሕፃንነቱ ለቤተ ክርስቲያን በብፅዓት ሰጥተውታል። በፍቅር ያደረጉት ነው፤ ልጁ ግን አልተጠየቀም፤ ሊጠየቅም በማይችልበት ዕድሜ የተወሰነ ነገር ዕድሜ ልኩን ተከተለው። ሰብለ ወንጌልም እንደዚሁ ናት። ለእሷ የመጡት ባሎች ሁሉ በዘር አይመጥኑም እየተባሉ ሲመለሱ የጋብቻ ዕድሜዋ አለፈ። ስለ እሷ አባቷ ተናገሩ፤ እናቷ ወይዘሮ ጥሩአይነት ተጨነቁ፤ አማላጅ መጣ፤ አማላጅ ተመለሰ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያላት ግን ማን ነው?

እነዚህ ሁለት ያልተጠየቁ ሰዎች ሲገናኙ የሚያደርጉት ሁሉ በምሥጢር መሆኑ አያስገርምም። በግልጽ መናገርን ማንም አላስተማራቸውም፤ ቢናገሩም የሚሰማ እንደሌለ ያውቃሉ። ስለዚህ ምሥጢር፣ ከዚያ ሽሽት፣ ከዚያም ሞት። በዛብህ ሸሽቶ ይሄዳል። ሰብለ መነኩሴ መስላ ትከተለዋለች፤ ስታገኘው በሞት አፋፍ ላይ ነው። በመጨረሻ ሁለቱም ጉዱ ካሳም በአንድ ቦታ ይቀበራሉ። የመጽሐፉን ርእስ አብዛኛውን ጊዜ የፍቅር ጽናት መግለጫ አድርገን እናስተምራለን። ትክክል ነው። ነገር ግን እነዚያ ሦስት ሰዎች እንደ ልባቸው ያለ ሥጋት አብረው መሆን የቻሉበት ብቸኛ ቦታ መቃብር መሆኑንም ለተማሪዎቻችን ልናሳያቸው ይገባል።

ጉድለቱንም እናንሣ። ሐዲስ የሰብለን ልብ በጥልቀት የገለጹልንን ያህል ከአባቷ ፊት ቆማ ስትናገር አያሳዩንም። አንዲት ጊዜ እንኳ ሞክራ ብትወድቅ ኖሮ አንባቢው የዝምታዋን ዋጋ ይበልጥ ይረዳው ነበር። በርግጥ በዚያ ዘመን የመኳንንት ልጅ እንዲያ አታደርግም የሚል መከራከሪያ ይቀርብልናል፤ መከራከሪያውም ክብደት አለው። ቢሆንም ያን ዘመን የጣሰች፣ የወንድ ልብስ ለብሳ በረሃ ያቋረጠች ልጅ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር አቅም ታጣለች ብለን ለማመን ይከብደናል።

ዝም አይነቅዝም?

አንዳንድ ሰዎች «ባህላችን ዝምታን እንጂ ንግግርን አላስተማረንም» ሲሉ እንሰማለን። ይህ ግማሽ እውነት ነው። «ዝም አይነቅዝም» ያለው ሕዝብ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ብሏል። ሽማግሌዎች ሁለት የተጣሉ ሰዎችን ሲያስታርቁ አንዱ ሲናገር ሌላው እንዲያቋርጥ አይፈቅዱም። በጥንቱ የፍርድ አደባባይ «በላ ልበልሃ» እየተባለ በተራ ይሞገት ነበር። በቅኔ ቤት ተማሪው የመምህሩን ቅኔ በቃል መያዝ ብቻ አይበቃውም፤ የራሱን ቆጥሮ ለመምህሩ ያሰማል፤ መምህሩም አድምጦ ያርመዋል። በዛብህም የዚያ ትምህርት ቤት ልጅ ነው። ስለዚህ የመነጋገር ደንብ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ አይደለም። የጎደለው ነገር ይህ ደንብ ወደ ቤትና ወደ ክፍል ገብቶ ልጅና አባት፣ ሴት ልጅና ወንድም፣ ተማሪና መምህር በሚነጋገሩበት ጊዜ ሥራ ላይ አለመዋሉ ነው። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለው ተረት ደጃፉን ዘግቶበታል።

በክፍል ውስጥ ምን እናድርግ?

ሂስ ያለ ተግባር ባዶ ስለሆነ አንድ የሞከርነውን ዘዴ እናቅርብ። ባለፉት የልምምድ ማስተማር ወራት አንዲት ዕጩ መምህርት በምክራችን መሠረት በአንድ ክፍል እንዲህ አደረገች። ክፍሉ የተጨናነቀ ነበር፤ በአንድ ወንበር ሦስት ሦስት ተማሪዎች ይቀመጣሉ። ወንበሩን ሳታንቀሳቅስ በየወንበሩ አንዱን ጉዱ ካሳ፣ አንዱን ፊታውራሪ መሸሻ፣ ሦስተኛውን ታዛቢ አደረገች። ደንቡ አንድ ነው። ማንም መልስ ከመስጠቱ በፊት ሌላው ያለውን በራሱ አባባል ይደግማል፤ ያኛው «አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት» ካላለ መልስ መስጠት አይችልም። ታዛቢው ደንቡ መጠበቁን ይመለከታል።

አንድ ፊታውራሪ የሆነ ልጅ ሦስት ጊዜ ሞክሮ አልሆነለትም፤ የካሳን ቃል ልድገም ሲል በየጊዜው ትእዛዝ ይወጣዋል። በአራተኛው ተሳካለትና ወደ መምህርቷ ዞሮ «ፊታውራሪ እንዲህ ቢያዳምጡ ኖሮ መጽሐፉ ገና በግማሹ ያልቅ ነበር» አለ። በሌላ ወንበር ደግሞ ታዛቢ የነበረች ልጅ እጅዋን አውጥታ «የሚከራከሩት ስለ ሰብለ ነው፤ ሰብለ ግን ከእኛ ጋር የለችም» አለች። ይህን አስተያየት ዕጩዋም እኛም አላሰብነውም ነበር። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ታዛቢዎቹ በሙሉ ሰብለ ሆኑ።

ከዚህ ሥራ ተማሪዎች የሚያገኙትን በአጭሩ ስንዘረዝረው የሚከተለው ነው።

ሀ. ማድመጥ ዝም ማለት አይደለም። የሌላውን ሐሳብ እሱ በሚቀበለው መንገድ መድገም የቻለ ሰው አዳምጧል ማለት ነው። ይህ ደግሞ እንደ ማንበብና መጻፍ በልምምድ የሚገኝ ችሎታ ነው።

ለ. ነገሩንና ሰውየውን መለየት ይቻላል። «አንተ ጨቋኝ ነህ» እና «ይህ አሠራር እኔን እንዲህ ጎዳኝ» የሚሉት አነጋገሮች አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሰውየው እንዲከላከል፣ ሁለተኛው እንዲያስብ ያደርጋል።

ሐ. ጊዜና መንገድ ይመረጣል። ትምህርቷን እንድታቋርጥ የተጠየቀች ልጅ በእንግዳ ፊት ከአባቷ ጋር ብትከራከር አባትየው ስለ ክብራቸው ሲሉ ይጠነክራሉ። አባቷ የሚያከብሯቸውን አክስት ወይም የነፍስ አባት አስቀድማ ብታነጋግር ግን በር ሊከፈት ይችላል። አማላጅ መላክ የፈሪ ሥራ አይደለም፤ የቆየ ጥበባችን ነው።

መ. «አልገባኝም፤ እስቲ እንደገና ንገረኝ» ማለት ነውር አይደለም። ታላቅ ለታናሽ ሲናገረው ደግሞ ትልቅ ትምህርት ነው።

እዚህ ላይ ግን ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ከፊታውራሪ ታሪክ የተማርነውን እንዳንረሳ ነው። ሁሉም ነገር በተናጋሪው ችሎታ አይፈታም። ልትዳር የታሰበች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ወይም በቤቱ የሚደበደብ ልጅ የሚያስፈልጋቸው የአነጋገር ጥበብ ሳይሆን ጠባቂ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት እንዲሆን ደንግጓል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጹ ልጆች በትምህርት ቤት በአካላቸው ላይ ከሚፈጸም ቅጣት ነፃ መሆናቸውን ይገልጻል። በ1982 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ጸድቆ ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በ12ኛው አንቀጹ ሕፃን በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን እንዲገልጽና ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ እንዲመዘን መብት ሰጥቶታል። መምህር እነዚህን አውቆ፣ ጉዳዩ ከንግግር ያለፈ ሲሆን «በትሕትና ተናገሪ» ብሎ ልጅቷን ብቻዋን መመለስ የለበትም። ለሚመለከተው ክፍል ማስታወቅና እስከ መጨረሻው መከታተል ግዴታው ነው።

ጊዜ የለም፣ ፈተና ደርሷል፣ ክፍሉ ጠባብ ነው የሚሉ ባልደረቦች እንደሚኖሩ እናውቃለን። እኛም ያስተማርነው በእንዲህ ያለ ክፍል ነው። ከላይ የተገለጸው ሥራ ግን አንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ከመውሰዱ በቀር ወጪ የለውም። ለፈተናም ቢሆን ጉዱ ካሳን ሆኖ የተናገረ ተማሪ ስለ ጉዱ ካሳ የሚጽፈው ከማስታወሻ ከገለበጠው የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል።

ማጠቃለያ

ሁለቱን ድርሰቶች አንድ ላይ ማስተማር ይጠቅማል የምንለው እንግዲህ በዚህ ምክንያት ነው። «አዲስ ዓለም» ለወጣቱ ተስፋና ዘዴ ይሰጠዋል፤ ነገር ግን መንገዱን አቅልሎ ያሳየዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር» የመንገዱን ክብደት ያሳየዋል፤ ግን ብቻውን ከተነበበ ተስፋ ሊያስቆርጠው ይችላል። ወጣቱ ከአወቀ መናገርን ሲማር፣ አዋቂው ደግሞ ከፊታውራሪ መሸሻ ውድቀት መስማትን ይማር። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ከተማረ ሥራው ግማሽ ይሆናል። እስከ አሁን ግማሹን ብቻ ስናስተምር ቆይተናል፤ እሱንም በልጆቹ ወገን ያለውን ግማሽ።

ለዚያ ከኋላ ወንበር ለነበረ ልጅም መልሳችን ይህ ነው። ያልከው ነገር ሊመረመር የሚገባው ነበር። መጽሐፉን ሳያነብ የተናገረው አንተ አልነበርክም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ካሳ ዳምጤ «ጉዱ» ባይባል ኖሮ ንግግሩ ይሰማ ነበር? በክፍላችሁ ውስጥ በወጣለት ስም ምክንያት የማይሰማ ተማሪ አለን? ስሙን ሳትጠሩ ተወያዩ።

2. ሰብለ ወንጌል ለአባቷ ለፊታውራሪ መሸሻ ልትናገር የምትችለውን በአምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ቀጥሎም የፊታውራሪን መልስ ጻፉ፤ መልሱ ግን የሰብለን ቃል ከመድገም ይጀምር።

3. አወቀና ጉዱ ካሳ ቢገናኙ ማን ለማን ምን ይመክር ነበር? የትኛው ምክር ለእናንተ አካባቢ ይስማማል?

4. ለመምህራን፦ ባለፈው ወር በክፍላችሁ «ተቀመጥ» ያላችሁትን አንድ ተማሪ አስታውሱ። ሊናገር የፈለገው ምን ነበር? ካላወቃችሁ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ጠይቁት።